ቦዝ አንቀጽና የሥራ ቅደም ተከተል

ተማሪዎች፣ የአንድን ሥራ አሠራር የሚገልጽ ድርሰት ስትጽፉ የድርጊቶቹን ቅደም ተከተል ጠብቁ። ባሕር ዳር ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የታወቀች ከተማ ናት። በዚያው ስለምትኖር አንዲት እናት የተጻፈውን የሚከተለውን አንቀጽ አስተውላችሁ አንብቡ።

«እናቲቱ ለልጅዋ ብርድ ልብስ ለመስፋት አስባ፣ ታንኳ የታተመበትን ጨርቅ ለመካከሉ፣ ሰማያዊውን ለዙሪያው መደበች። ከስፌት በኋላ የሥዕሉ ወርድ 60፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር እንዲሆን፣ በየጠርዙ ለስፌት 1 ሳንቲ ሜትር ጨምራ 62 በ92 ለካች። ከሰማያዊውም ወርዳቸው 17፣ ቁመታቸው 92 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ አራት ቁራጮች ለክታ ቆረጠች። ሁለቱን ከግራና ከቀኝ ሰፍታ፣ የቀሩትን ከላይና ከታች ገጠመች።»

ማብራሪያ

«ለክታ ቆረጠች» በሚለው ሐረግ «ለክታ» ቦዝ አንቀጽ፣ «ቆረጠች» ማሰሪያ አንቀጽ ነው። ቦዝ አንቀጹ ቀድሞ የተፈጸመውን ድርጊት ያመለክታል። «ቆርጣ ለካች» ብንል ግን ግሦቹ ሳይለወጡ ሥራው ይበላሻል። የተሳሳተ ቃል ይሰረዛል፤ ያለ ልክ የተቆረጠ ጨርቅ ግን አይመለስም። ስለዚህ ስትጽፉ፣ አንባቢያችሁ መቀስ ይዞ ቃላችሁን እንደሚጠባበቅ አስቡ።

መልመጃ

1. መለካት፣ ማድረቅ፣ ማጠብ፣ መተኮስ የሚሉትን በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸው በቦዝ አንቀጽ አያይዛችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ። አዲስ የጥጥ ጨርቅ ከመለካቱ በፊት የሚታጠበው ለምንድን ነው?

2. በጣና ዳርቻ ታንኳ ከደንገል እንዴት እንደሚሠራ አዋቂ ጠይቃችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ። በቦዝ አንቀጾቹ ሥር አስምሩ።