መስመሩ ይሠራል፣ ማንቂያው ግን ቀይ ነው

ጥያቄ፦ ደብረ ታቦር ያለውን ሰርቨር ወደ አዲስ ኡቡንቱ ካሳደግነው ወዲህ ናጊዮስ የነፋስ መውጫን፣ የወገዳንና የመካነ ኢየሱስን ፒንግ በቀይ ያሳያል። ወረዳዎቹ ግን እየሠሩ ነው። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ማንቂያውን አታጥፉት፤ እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ ወረዳው ሰሚ ያጣል። መጀመሪያ የምጠረጥረው ለፒንግ መልስ የተቀመጠውን የጊዜ ገደብ ነው። የወረዳኔት መስመራችሁ በቪሳት ከሆነ ሲግናሉ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወደሚገኝ ሳተላይት ወጥቶ ይወርዳል፤ መልሱም እንዲሁ። ደርሶ መልሱ 600 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ናጊዮስ ይዟቸው ከሚመጣቸው የናሙና ፋይሎች አንዱ ግን ከ500 ሚሊሰከንድ ያለፈውን ሁሉ አደገኛ ይለዋል። ስታሳድጉ «አዲሱ ፋይል ይጫን?» ለሚለው ጥያቄ እሺ ብላችሁ ከሆነ የራሳችሁ ቁጥር ተተክቷል። አሮጌው ፋይል «ዲፒኬጂ-ኦልድ» የሚል ቅጥያ ይዞ እዚያው ፎልደር ውስጥ አለ። ሁለቱን አስተያዩና ገደባችሁን መልሱ፤ ናጊዮስን እንደገና ከማስነሳታችሁ በፊትም የኮንፊግ ስህተት እንደሌለ ፈትሹ።