በአንድ ቆጣሪ ላይ ምጣድና መኪና

አጎቴ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቶ ሜክሲኮ ወደሚገኘው ግቢያችን ባስገባ ዕለት ቤተ ሰቡ ሁሉ ስለ ቀለሙ ሲከራከር ዋለ፤ ስለ ሽቦው የጠየቀ ግን አልነበረም። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ አገር እንዳይገባ መከልከሉን በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ ይህ ዓይነቱ መኪና በየሠፈሩ በርክቷል። የቤታችን ሽቦ ግን የተዘረጋው ለአምፖልና ለምጣድ ነው።

እኔ የቋንቋ ተማሪ እንጂ ከጎረቤታችን ከተግባረ እድ የወጣሁ ሰው አይደለሁም። ቢሆንም ሒሳቡ ከማባዛት አያልፍም። መኪናው በ220 ቮልት 32 አምፔር ሲስብ 7040 ዋት ይሆናል። የእንጀራ ምጣድ 3500 ዋት ገደማ፣ ይኸውም 16 አምፔር ያህል ይፈልጋል። ሁለቱ ባንድነት ሲሠሩ 48 አምፔር መሆኑ ነው።

አጎቴ ያመጣው ሠራተኛ አክስቴ ከምትጋግርበት ሰርቪስ ቤት፣ ከምጣዱ መስመር ላይ፣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 30 ሜትር ስቦ ሄደ። መሄጃና መመለሻው 60 ሜትር ነው፤ የዚህ መዳብ ተቃውሞ 0.42 ኦም ይደርሳል። በ32 አምፔር ጊዜ 13 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ 430 ዋት ያህልም ሽቦውን በማሞቅ ይጠፋል። አንድ ማታ ፕላስቲክ ሲነድ ሸተተን፤ ግድግዳውን ብንዳስሰው ይፋጃል። ብሬከሩ ለምን አልወደቀም? ሠራተኛው የመኪናውን ፍላጎት እንጂ የሽቦውን ቅጥነት ሳያይ ባለ 40 አምፔር አድርጎት ነበርና። ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ይህን እኔም የተረዳሁት ያን ማታ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ከዋናው ሰሌዳ፣ በራሱ ብሬከር፣ ባለ 10 ካሬ ሚሊሜትር ኬብል እስከ መኪናው ማቆሚያ ዘርግቶ በዚያ ንዑስ ማከፋፈያ ሳጥን መትከል ነው። የሚባክነው ቮልት ያን ጊዜ ወደ 3.4 ይወርዳል። በሳጥኑ ውስጥ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ይግባ። ኒውትራልና ኧርዝ በንዑሱ ሳጥን ፈጽሞ አይገናኙ፤ ከተገናኙ የመመለሻው ኤሌክትሪክ በኧርዙ ሽቦ በኩል ከመኪናው አካል ጋር ይገናኛል። ሥራውም ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይሰጥ፤ ቆጣሪው 48 አምፔር መሸከም አለመሸከሙ አስቀድሞ ከኤሌክትሪክ አገልግሎት ይጠየቅ።

እኛ ሳጥኑን ተክለን የቆጣሪውን መልስ እንጠብቃለን። እስከዚያው መኪናው የሚሞላው ምጣዱ ካረፈ በኋላ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ጀምሮ፣ በ16 አምፔር ብቻ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ንዑስ ቆጣሪ ስለ ገባ አክስቴና አጎቴ በወር መጨረሻ የሚከራከሩት በኪሎዋት ሰዓት ሆኗል።