ስለ መኪና ማንጸባረቂያ ርጭት፦ አመራረጡ፣ አጠቃቀሙና የሻጩ ኃላፊነት

በመኪና ዕቃ መደብሮችና በነዳጅ ማደያዎች መደርደሪያ ላይ «ኩዊክ ዲቴይለር» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው የርጭት ጠርሙሶች ይታያሉ። ገዢው ብዙውን ጊዜ «ያበራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሻጩም «ያበራል» ብሎ ይሸጥለታል። ሻጩ አልዋሸም፤ ነገር ግን ዕቃው ለምን ሥራ እንደ ተዘጋጀና ለምን ሥራ እንደማይሆን ሳይነገር ስለሚቀር፣ ገዢው አቧራ የሸፈነውን መኪና በዚሁ እየረጨ ይወለውላል። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ኮፈኑን በፀሐይ ሲያየው የሸረሪት ድር በሚመስል ጭረት ተሸፍኖ ያገኘዋል። ያን ጊዜ የሚወቀሰው ጠርሙሱና ጠርሙሱን የሸጠው ሱቅ ነው። ስለዚህ አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ የዚህን ዕቃ ጠባይ አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል።

1ኛ፤ የዕቃው ጠባይ

የዚህ ርጭት አብዛኛው ክፍል ውሃ ነው። በውሃው ውስጥ ቀላል አቧራን የሚያላቅቅ ጥቂት ሳሙና መሰል ቅመም፣ ጨርቁ ሳይፍቅ እንዲንሸራተት የሚያደርግ ማለስለሻና ብርሃን የሚሰጥ ነገር ይገኛሉ። ብርሃን ሰጪው በአንዳንዱ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም፣ በአንዳንዱ ሲሊኮን፣ በሌላው ደግሞ ሲሊካ ያለበት ቅመም ነው። እነዚህ ሁሉ ከቀለሙ በላይ ስስ ሽፋን ሆነው ለጊዜው ያበራሉ እንጂ፣ የተጫረውን አይሞሉም፤ ፀሐይ ያደበዘዘውንም ቀለም አይመልሱም። ይህን የመሰለውን ጉዳት የሚያስተካክለው በጋራዥ የሚሠራው የፖሊሽ ሥራ ነው።

የዘመኑ መኪና ቀለም ብርሃኑን የሚያገኘው ከላይ ከተቀባው «ክሊር» ከሚባለው ሽፋን ነው። የዚህም ውፍረት አንድ ሚሊሜትር ለሺህ ቢከፈል በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 እጅ ቢሆን ነው፤ ይኸውም ከጠጕር ውፍረት ያነሰ ነው። በመንገድ አቧራ ውስጥ የሚገኘው የኳርትዝ ቅንጣት ግን ከመስታወት እንኳ የጠነከረ ነው። ስለዚህ አቧራው ወፍራም በሆነ ጊዜ የርጭቱ ማለስለሻ አይበቃውም፤ ጨርቁም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

2ኛ፤ አጠቃቀሙ

ርጭቱ የሚያገለግለው በቅርብ ለታጠበና ስስ አቧራ ብቻ ላረፈበት መኪና ነው። ጣት ሲያልፍበት ግልጽ መስመር የሚተው አቧራ ወይም የክረምት ጭቃ ያለበት መኪና በቅድሚያ በላቫጆ ወይም በቤት በብዙ ውሃና በመኪና ሻምፖ ሊታጠብ ይገባዋል።

ሥራው በጥላ ሥር፣ ኮፈኑና ጣራው ከቀዘቀዙ በኋላ ይከናወናል፤ በጋለ ብረት ላይ የተረጨ ፈሳሽ ሳይወለወል ስለሚደርቅ እድፍ ይተዋል። መኪናው በሙሉ በአንድ ጊዜ አይረጭም፤ አንዱ በር ወይም አንዱ ፓራፋንጎ ካለቀ በኋላ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ንጹሕ የማይክሮፋይበር ጨርቅ በአራት ከታጠፈ ስምንት ገጽ ይሰጣል፤ ገጹ በቆሸሸ ቁጥር ይገለበጣል። አወላወሉ ሳይጫኑ በቀጥታ መስመር ሆኖ፣ በመጨረሻ በሌላ ደረቅ ጨርቅ ይጠናቀቃል። መሬት የወደቀ ጨርቅ ሳይታጠብ ዳግመኛ ቀለም መንካት የለበትም።

የወፍ ኩስ ቀለምን ስለሚበላ ሳይዘገይ መነሣት አለበት፤ ይኸውም በብዛት ረጭቶ እስኪለሰልስ ከጠበቁ በኋላ ሳይፍቁ በማንሣት ነው። በፊት መስታወት ላይ ጭጋግ መሰል ቅባት እንዳይቀር፣ በፍሬን ዲስክም ላይ ፈጽሞ እንዳይረጭ ጥንቃቄ ያሻል፤ ዲስክ ላይ ያረፈ ቅባት መኪናው እንዳይቆም ያደርጋልና።

3ኛ፤ አስመጪው ሊመለከተው የሚገባው

የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ አስመጪ ሁሉ በዶላር የሚገዛው ምን እንደ ሆነ በጥብቅ ማስላት ይገባዋል። በጠርሙስ የተዘጋጀ ርጭት በብዛት ውሃ ስለ ሆነ፣ ነጋዴው የባሕርና የየብስ ማጓጓዣ የሚከፍለው ለውሃ ነው። ስለዚህ በውሃ የሚበጠበጠውን ወፍራም ዓይነት ማነጻጸር ያስፈልጋል። አንድ እጅ በአራት እጅ ውሃ እንዲበጠበጥ የተሠራ አንድ ሊትር፣ አምስት ሊትር ርጭት ያወጣል። ዋጋ መነጻጸር ያለበትም በጠርሙሱ ቁጥር ሳይሆን በተዘጋጀው ርጭት ሊትር ነው። ማዕድን የበዛበት ውሃ ነጭ ነጠብጣብ ስለሚተው የተጣራ ውሃ ይመረጣል፤ በጋራዥ ለባትሪ የሚሸጠውን የሚጠቀም ሰው ግን አሲድ ያልተጨመረበት መሆኑን አረጋግጦ ይግዛ።

በጋዝ ግፊት የሚረጨው ጣሳ በተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 1950 የአደገኛ ጭነት ደንብ ውስጥ ስለሚገባ አጓጓዡ ልዩ ጥንቃቄና ሰነድ ይጠይቃል፤ በጣት የሚጫነው ውሃ ቀመስ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው። ለማናቸውም ቢሆን የዕቃውን የደኅንነት መግለጫ ወረቀት ከአምራቹ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። በጅቡቲ የበጋው ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍና በኮንቴይነር ውስጥ ከዚያም ስለሚብስ፣ ሲደርስ ጥቂት ጠርሙሶች ተከፍተው ሰሙ ከውሃው አለመለየቱ ይታይ።

ለቀለም ቅብ ጋራዦች የሚያቀርብ ነጋዴ ደግሞ ሲሊኮን የሌለበትን ይምረጥ። ሲሊኮን የነካው ብረት በሚገባ ካልጸዳ አዲሱ ቀለም እንደ ዓሣ ዐይን ጕድጓድ እያወጣ ይሸሻል፤ ሥራውም እንደገና ይጀመራል።

4ኛ፤ የባለሱቁ ድርሻ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ፣ በእጁ ያለውን መኪና ለረጅም ጊዜ አስውቦ ለመያዝ የሚፈልግ ባለንብረት አለ። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛውም ቢሆን ቀለሙ ያው ቀለም ነው። ለሁለቱም ባለሱቁ ከሽያጩ በፊት ሦስት ነገር ቢናገር በቂ ነው፤ ይኸውም «ሳይታጠብ አይረጭም፤ በፀሐይ አይረጭም፤ በቆሻሻ ጨርቅ አይወለወልም» የሚል ነው። ይህንኑ በአማርኛ በትንሽ ወረቀት አሳትሞ በጠርሙሱ ላይ ቢለጥፍ፣ ከርጭቱም ጋር ሻምፖና ሁለት ጨርቅ አብሮ ቢያቀርብ፣ ገዢው ይጠቀማል፤ የሱቁም ሽያጭ ይጨምራል።

የተጫረ ቀለም በርካሽ አይመለስም፤ የጠፋ የገዢ እምነትም እንዲሁ ነው። ዕቃውን ከነአጠቃቀሙ የሚሸጥ ነጋዴ ግን አንድ ጠርሙስ የወሰደው ሰው ሲያልቅበት ተመልሶ ወደ እርሱ ይመጣለታል።