ችኩል ፊኛና የመድኃኒቱ ወጪ

የሰው ፊኛ ከኩላሊት የሚወርደውን ሽንት እየተቀበለ የሚያጠራቅም፥ ግድግዳው በጡንቻ የተሠራ ከረጢት ነው። በጤናማ ሰው ይህ ጡንቻ ፊኛው እስኪሞላ ድረስ ላልቶ ይቆያል፤ ሰውየውም ፈቅዶ ወደ መጸዳጃ ቤት በሄደ ጊዜ ተኰማትሮ ሽንቱን ያስወጣል። በአንዳንድ ሰዎች ግን ጡንቻው ፊኛው ሳይሞላ ያለጊዜው ይኰማተራል። ያን ጊዜ ሽንት በድንገት ይመጣል፥ ያጣድፋል፥ አንዳንድ ጊዜም ሰውየው መጸዳጃ ቤት ሳይደርስ ያመልጠዋል። በቀን ከስምንት ጊዜ በላይ መሽናት፥ ሌሊትም ደጋግሞ መነሣት ከዚሁ ሕመም ምልክቶች ይቈጠራል። ሐኪሞች ለዚህ ረጅም ስም አላቸው፤ እኛ በዚህ ትምህርት ችኩል ፊኛ እንለዋለን።

ችኩል ፊኛ ሰውን አይገድልም፤ ሆኖም ኑሮውን ያጠብበታል። ሕመምተኛው ከልቅሶ ቤት ይቀራል፥ ቅዳሴ አያስጨርስም፥ ከቢቸና ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ መሄድ ይፈራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ኀፍረቱ ነው። ብዙ ሰው ሕመሙን ከብርድ የመጣ ወይም ጨብጥ ነው ብሎ ስለሚያስብ ለሐኪም ከመንገር ይልቅ ወደ መድኃኒት ቤት በስውር ሄዶ አንድ ጊዜ አሞክሳሲሊን፥ ሌላ ጊዜ ሲፕሮፍሎክሳሲን ይገዛል። እነዚህ ተሕዋስያንን የሚገድሉ መድኃኒቶች ናቸው እንጂ የፊኛን ጡንቻ የሚያላሉ አይደሉም። ስለዚህ ገንዘቡ ይወጣል፥ ሕመሙ በቦታው ይቀራል፤ ከዚህም በላይ ተሕዋስያኑ መድኃኒቱን እየለመዱ በእውነት በተፈለገ ቀን እንዳይሠራ ይሆናሉ። አገራችን ከምትጠቀምበት መድኃኒት የሚበዛው ከውጭ የሚገባ ነውና፥ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እንዲህ ያለው ብክነት የበለጠ ይጐዳል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ቁጠባ የሕመሙን ዓይነት ለይቶ ማወቅ ነው። በጤና ጣቢያ የሚደረግ የሽንት ምርመራ ዋጋው ቀላል ሲሆን በሽንት መንገድ ላይ ቍስለት መኖሩን ያመለክታል። የደም ስኳር ምርመራም ሊታለፍ አይገባውም፤ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ውኃ ይጠማዋል፥ ሽንቱም ይበዛልና። ዕድሜው የገፋ ወንድ ሽንቱ እየቀጠነ፥ እየተቈራረጠ የሚወርድ ከሆነ የፕሮስቴት ዕጢ ማበጡን መመርመር ያስፈልጋል። ለደም ግፊት ወይም ለልብ ሕመም ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚወስድ ሰውም አለ። ይህን ክኒን ማታ የሚውጥ ሰው ሌሊቱን ሲመላለስ ቢያድር አያስደንቅም፤ ሐኪሙን ጠይቆ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ቢያዛውር ያለ አንዳች አዲስ መድኃኒት ዕረፍት ሊያገኝ ይችላል።

በተለይ ስለ ሴቶች አንድ ነገር መናገር ግድ ይሆንብናል። ምጥ ጸንቶባት ብዙ ቆይታ ከወለደች በኋላ ሽንቷ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ የሚንጠባጠብባት ሴት ሕመሟ ፌስቱላ ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም በፊኛና በማሕፀን በር መንገድ መካከል የተከፈተ ቀዳዳ ነው። ቀዳዳን ክኒን አይዘጋውም። እንዲህ ላለችው እኅት ሰው አዝኖ መድኃኒት ቢገዛላት ገንዘቡንም ጊዜዋንም ማጥፋቱ ነው፤ የሚያስፈልጋት ቀዶ ጥገና ነውና። ዶክተር ሬጅናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የጀመሩት ሥራ እየሰፋ ሄዶ በባሕር ዳር የሐምሊን ፌስቱላ ማእከል ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ተከፍቷል፤ ሕክምናውም ያለ ክፍያ ነው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፥ በደብረ ወርቅና በሞጣ አልፎ የሚሄደው መንገድ ባሕር ዳር ያደርሳል። በጎረቤቱ እንዲህ ያለች ሴት መኖሯን የሚያውቅ መምህር በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል ወደዚያ እንድትላክ ቢያደርግ ታላቅ ሥራ ሠራ።

ሌላ ሕመም አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላም ቢሆን ወዲያው ወደ ክኒን መሄድ አያስፈልግም። ዋጋ የማይጠየቅበት ሕክምና አለና፤ ሐኪሞችም በየአገሩ መጀመሪያ የሚያዝዙት ይህንኑ ነው። ሕመምተኛው ሦስት ቀን ያህል በደብተር ላይ የሸናበትን ሰዓት፥ የጠጣውን ነገር፥ ያመለጠውም እንደሆነ ይጻፍ። ማንበብና መጻፍ ለማይችል አባት ወይም እናት ልጃቸው ይጽፍላቸዋል። ይህ ጽሑፍ ለሐኪሙ ከብዙ ቃል ይበልጥበታል።

ቀጥሎ ፊኛን ማስለመድ ነው። በየሰዓቱ የሚሸና ሰው መጀመሪያ አንድ ሰዓት ከ15 ደቂቃ ለመታገሥ ይሞክር፤ ይህን ሲለምድ በየሳምንቱ ሌላ 15 ደቂቃ ይጨምር፤ እንዲህ እያለ እስከ ሦስት ሰዓት ይድረስ። ሽንቱ በድንገት ሲያጣድፈው አይሩጥ፤ ሩጫ ፊኛውን ይበልጥ ያነሣሣዋልና። ባለበት ቆሞ ወይም ተቀምጦ ሽንትን ለመያዝ የሚጠቅመውን ጡንቻ አምስት ስድስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ይጨብጥ፤ ጥድፊያው ጋብ ሲል በእርጋታ ይሂድ። ይህንኑ ጡንቻ ለማጠንከር እስከ አምስት እየቈጠሩ መጨበጥ፥ ከዚያም ማላላት፥ እንዲህ አሥር ጊዜ፥ በቀን ሦስት ጊዜ መሥራት ይገባል። ፍሬው የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ በሦስተኛው ቀን ተስፋ የቈረጠ ሰው ሞከርሁ ሊል አይችልም።

ስለ መጠጥ ደግሞ በእኛ አገር ልማድ መነገር ያለበት አለ። ቡና ሽንትን ያበዛል፥ ፊኛንም ይቀሰቅሳል፤ ጠላና አረቄም እንደዚሁ ናቸው። ከአቦል እስከ በረካ፥ ያውም በቀን ሦስት ጊዜ፥ እየጠጡ ለፊኛ መድኃኒት መግዛት በተቀደደ አቁማዳ እህል እንደ መስፈር ነው። ቡናውን ፈጽሞ ተዉ አንልም፤ ጎረቤት የሚገናኘው በቡና ነው። የማታውን ትቶ የጠዋቱን በአቦል መወሰን ግን ማንንም አያስቀይምም። በአንጻሩ ውኃን መተው ስሕተት ነው። መምህራን በክፍለ ጊዜ መካከል መውጣት ስለማይችሉ ከጠዋት ጀምረው ውኃ ሳይቀምሱ የሚውሉበት ጊዜ አለ። የጠነከረና የጠቈረ ሽንት ፊኛን ይቈጠቍጣል፥ ለኩላሊት ጠጠርም በር ይከፍታል። ኩላሊት ወይም ልብ የታመመ ሰው በሐኪሙ ምክር ይወሰን እንጂ፥ ሌላው በቀን አንድ ሊትር ተኩል ያህል ከፋፍሎ መጠጣት፥ ከመኝታ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ደግሞ መቀነስ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ ካልቀለለ ሐኪሙ መድኃኒት ሊያዝዝ ይችላል። ከቀድሞዎቹ አንዱ ኦክሲቡቲኒን ነው፤ ቶልተሮዲንና ሶሊፌናሲን ከእርሱ በኋላ የመጡ ናቸው። እነዚህ ወደ ፊኛው ጡንቻ የሚሄደውን የነርቭ መልእክት እየከለከሉ ጡንቻውን ያላላሉ። ያው መልእክት አፍን የሚያረጥብና አንጀትን የሚያንቀሳቅስ ስለሆነ ግን አፍ ይደርቃል፥ ሆድም ይደርቃል። ሚራቤግሮን የተባለው ሌላው በተለየ መንገድ ስለሚሠራ አፍን እምብዛም አያደርቅም፤ ነገር ግን የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል።

በዚህ ስፍራ ገንዘብ የሚድንበትን ዋና ነገር ልብ ይሏል። እያንዳንዱ መድኃኒት ሁለት ስም አለው። አንዱ በዓለም ሁሉ የሚታወቅበት ዋና ስሙ ነው፤ ሁለተኛው ፋብሪካው ያወጣለት የንግድ ስም ነው። ሶሊፌናሲን ዋና ስም ሲሆን ቬሲኬር የንግድ ስሙ ነው። መድኃኒቱን መጀመሪያ ያወጣው ኩባንያ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻውን የመሥራት መብት አለው፤ ዘመኑ ሲያልፍ ሌሎችም ይሠሩታል፥ ዋጋውም ይወርዳል። ስለዚህ ሕመምተኛው መድኃኒት ቤት ሲደርስ «ዋናው ስሙና መጠኑ ይኸው የሆነ፥ ዋጋው የሚቀንስ ሌላ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ ጥያቄ አያሳፍርም፤ በፋርማሲ የተማረው ባለሙያ የሚቀመጠውም ለዚሁ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ አንዱ ክኒን ከሌላው በአንድ ብር ብቻ ቢበልጥና በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ቢሆን፥ ልዩነቱ በ30 ቀን 60 ብር፥ በዓመት 730 ብር ይሆናል። ልዩነቱ አምስት ብር ሲሆን ቤተሰቡ ምን ያህል እንደሚያወጣ አንባቢው ራሱ ያስላው።

የመጀመሪያውን ጊዜ መድኃኒት ብዙ አድርጎ መግዛት አይመከርም። በሁለት ሳምንት ውስጥ አፍ መድረቁ ሊበረታና ሕመምተኛው ሊተወው ይችላል፤ የተረፈው ክኒን ደግሞ ተመላሽ አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ገዝቶ መስማማቱን ማየት፥ ከተስማማም ጥቅሙን ለማመዛዘን ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት መታገሥ፥ ከጠቀመ ደግሞ ሐኪሙን ጠይቆ ለሁለት ወር የሚሆን ማጻፍ ይሻላል። ከገጠር ለሚመጣ ሰው የመጓጓዣውና የአዳሩ ወጪ ከመድኃኒቱ ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ አለና። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናትም መድኃኒቱ በእጁ የነበረው ሰው ከብዙ ጭንቀት ድኗል።

ክኒኑን ከሁለት ከፍሎ መዋጥን እንደ ቁጠባ የሚቈጥሩ አሉ። ሐኪሙ ካላዘዘ ይህ አደገኛ ነው። በሰውነት ውስጥ ቀስ እያለ እንዲሟሟ ተደርጎ የተሠራ ክኒን በተሰበረ ጊዜ የቀኑ መድኃኒት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሌላም ጥንቃቄ አለ፤ ርካሹ ኦክሲቡቲኒን ለሽማግሌዎችና ለአሮጊቶች ሁልጊዜ ርካሽ ሆኖ አይገኝም። አሳብን ሊያደናግር፥ ዓይንን ሊያደበዝዝና ለመውደቅ ሊያጋልጥ ይችላል፤ የተሰበረ ዳሌ የሚያስወጣው ደግሞ ከማንኛውም ክኒን ይበልጣል። ግላኮማ የተባለው የዓይን ሕመም ያለበት ወይም ሽንቱ የሚታገድበት ሰውም ይህን አስቀድሞ ለሐኪሙ መንገር አለበት።

የመግዣውን ቦታ በተመለከተ፥ የሐኪም ማዘዣ የያዘ ሰው ከሁሉ በፊት የመንግሥት ሆስፒታሉን መድኃኒት ክፍል ይጠይቅ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብ ከጤና ጣቢያው ጀምሮ በሪፈር ወረቀት ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ሆስፒታል፥ ካስፈለገም ወደ ደብረ ማርቆስ ቢሄድ፥ ውል በገባው ተቋም ለሚያገኘው ሕክምናና መድኃኒት በየጊዜው አይከፍልም። ይህ መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች፥ በእኛም ክልል በደቡብ አቸፈር፥ በፎገራና በተሁለደሬ በሙከራ ተጀምሮ የተስፋፋ ነው፤ የሚከፍሉት የሌላቸውም ድሆች በቀበሌያቸው ተለይተው በነፃ ይካተታሉ። የሪፈሩን ደረጃ ዘሎ በቀጥታ ወደ ትልቁ ሆስፒታል የሄደ ሰው ግን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል።

መድኃኒቱ በሆስፒታሉ ያልተገኘ እንደሆነ፥ አባሉ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ከመሄዱ በፊት መድኃኒቱ አለመኖሩ በማዘዣው ላይ ተጽፎ ማኅተም እንዲደረግበት ያድርግ፤ በደረሰኝ የሚመለስለት ገንዘብ መኖር አለመኖሩንም ከወረዳው የጤና መድን ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይረዳ። ደረሰኝ የማይሰጥ ሻጭ ጋር መግዛት ይህን ዕድል ከመዝጋቱም በላይ፥ መድኃኒቱ ከየት እንደመጣና የአገልግሎት ዘመኑ መቼ እንደሚያልፍ የሚጠየቅ ሰው ያሳጣል። የመድን መታወቂያው በየዓመቱ ይታደሳል፤ መዋጮውም ብዙ ጊዜ አዝመራ ከገባ በኋላ ስለሚሰበሰብ፥ ዕድሳቱ ያለፈበት ቤተሰብ መክፈያው ቀን መቼ እንደሆነ ከቀበሌው ይጠይቅ።