እሁድ ከመመስከርሽ በፊት

እህትዓለም፣ ለእሁዱ ምስክርነት የምትጽፊውን ከኋላሽ ቆሜ አነበብኩት፤ አትቀየሚኝ። አጻጻፍሽ ያምራል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለችውን ልጅ ግን እኔ አላውቃትም። በጨለማ የጠፋች፣ ዓለም የተጫወተባት አድርገሽ ስለሻታል። አንቺ እኮ ጥርስሽን የነቀልሽው ሰንበት ትምህርት ቤት ነው! መጠጥ፣ ጫትና ጭፈራ ቤት የሌለበት ምስክርነት ጉባኤውን «ሃሌ ሉያ» አያሰኝም ብለሽ እንደሰጋሽ ይገባኛል። በየመድረኩ የሚደመጠው እንደዚያ ስለሆነ አልፈርድብሽም። ነገር ግን እግዚአብሔር ባልሠራው ሥራ አይከብርም። የሠራውን ንገሪልን።

ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ ላይ የደረሰበት ነገር በሐዋርያት ሥራ ውስጥ 3 ጊዜ ተተርኳል፤ በምዕራፍ 9፣ 22 እና 26። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ጢሞቴዎስን «ያንተስ ደማስቆ የት አለ?» ብሎ አልጠየቀውም። በሁለተኛው መልእክቱ ያነሣለት የአያቱን የሎይድንና የእናቱን የኤውንቄን እምነት፣ ከሕፃንነቱም ቅዱሳት መጻሕፍትን ማወቁን ነው። ከልጅነት ተጠብቆ ማደግም የእግዚአብሔር እጅ ሥራ ነው፤ አትፈሪበት።

ደግሞስ የምትናገሪው መች አጣሽ? ያቺን ጓደኛሽን ይቅር ማለት አቅቶሽ ስሟ ሲነሣ ፊትሽ ይጠቁር አልነበር? ራስሽ ቤቷ ድረስ ሄደሽ የታረቅሽ ቀን እኔና እማዬ አልቅሰናል። እልህሽን እናውቀዋለን፤ ያ ነገር ከአንቺ ባሕርይ የመጣ አይደለም። ጽሑፍሽ ውስጥ ግን አንዲት መስመር እንኳ አልደረሰውም። ዘኬዎስ የቀማውን 4 እጥፍ እመልሳለሁ ሲል፣ የኢያሪኮ ሰዎች የተለወጠ መሆኑን በእጃቸው በሚገባው ገንዘብ ማወቅ ይችሉ ነበር። የአንቺም እርቅ እንደዚያው የሚጨበጥ ነው። እሱን ጻፊው።

መጨረሻው ላይ ደግሞ «ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁሉም ነገር ተለወጠ» ብለሻል። እዚህ ጋ ቆም በይ። «አሜዚንግ ግሬስ» የተባለውን መዝሙር የጻፈው ጆን ኒውተን፣ የባሪያ መርከብ ካፒቴን ሳለ ማዕበል ያዘው፣ ወደ ጌታ ጮኸ፣ ወዲያው ንግዱን ተወ እየተባለ ሲነገር ሰምተሽ ይሆናል። እውነተኛው ታሪክ ከዚህ ይረዝማል። ማዕበሉ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1748 ነው። ካፒቴን የሆነው ግን ከዚያ በኋላ ነው! መጸለይና መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ጀምሮ እያለ፣ ሰዎችን በሰንሰለት አስሮ ውቅያኖስ አሻገረ። በ1754 ከባሕር የወጣውም ስለታመመ ነው። በ1764 የሕይወት ታሪኩን ሲያሳትምና በዚያው ዓመት ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሲሾም እንኳ ንግዱን ፊት ለፊት አላወገዘም። በ1788 ነው ያየውንና የሠራውን ዘርዝሮ፣ ማፈሩንም ሳይደብቅ፣ የባሪያ ንግድን የሚቃወም ጽሑፍ ያወጣው። ከማዕበሉ 40 ዓመት በኋላ! በኋላም ጉዳዩን ለሚመረምሩ የእንግሊዝ ፓርላማ አባላት መሰከረ። ንግዱን የሚያግደው ሕግ በ1807 ሲወጣ በሕይወት ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ዐረፈ።

ይህን የምነግርሽ ለውጥ ቢዘገይም ግድ የለም ልልሽ አይደለም። ኒውተን እስኪነቃ ድረስ በመርከቡ የተጫኑት ሰዎች ዋጋ ከፍለዋል፤ ይህ ሊድበሰበስ አይገባም። ለእኔ ከሁለቱ ጽሑፎቹ የሚበልጥብኝ የ1788ቱ ነው፤ ክብሩን አስነክቶ፣ ለበደላቸው ሰዎች ጥብቅና የቆመበት ነውና። እግዚአብሔር ጀምሮ ያልጨረሰውን ጨርሷል ስንል፣ እጁ ገና ሊነካው የሚፈልገውን ነገር ራሳችን እንሸፍነዋለን። ስለዚህ «ምላሴ ዛሬም ይቸኩላል፣ ጌታ ገና እየሠራኝ ነው» ለማለት አትፈሪ። ከታዳሚው መካከል በለውጡ አዝጋሚነት ተስፋ የቆረጠ ሰው ካለ፣ ከሁሉ ይልቅ ይህቺ ቃል ትደርሰዋለች።

ሌላው ቀላል ነው። የአባታችንን ጉዳይ ከጽሑፍሽ አውጪው፤ የእሱን በደል መናገር ያለበት እሱ ነው። የጓደኛሽንም ስም አትጥሪ። ስለ ሕመምሽ ስታነሺ መድኃኒቱንና ሐኪሞቹንም አብረሽ ጥቀሺ። ፈውስሽን ሰምቶ ክኒኑን የሚጥል ሰው እንዳይኖር እፈራለሁ። እግዚአብሔር በሐኪም እጅ ሲሠራ ክብሩ አይቀንስም።

ማርቆስ ምዕራፍ 5 ላይ ሌጌዎን የወጣለትን ሰው ታስታውሺዋለሽ? ኢየሱስን ተከትሎ ለመሄድ ለመነ፤ ጌታ ግን ወደ ቤቱ፣ ወደ ዘመዶቹ ሄዶ የተደረገለትን እንዲነግር ላከው። በመቃብር ሲጮኽ የሰሙት፣ ሰንሰለት ሲበጥስ ያዩት እነሱ ናቸው። በአሥር ከተማ መስበኩ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የአንቺንም ጠዋት የምናይ፣ ደክሞሽ ስትገቢ እንዴት እንደምትመልሺልን የምናውቅ እኛ ነን።

እንግዲህ ቅዳሜ ማታ ጽሑፍሽን ለእማዬ አንብቢላት። እሷ «አዎ፣ እንዲህ ነው የሆነው» ያላለችውን መስመር ሰርዢው፤ የቀረውን እሁድ ቀና ብለሽ ተናገሪ።