ባንድ ጣሪያ ሥር ያለ ገበያ፦ ስለ አሜሪካ የገበያ አዳራሾች መድከምና ስላልጠፋው ተወዳጅነታቸው

የንግድ ሥራ ዕቃ ገዝቶ መሸጥ ብቻ አይደለም። ገዢና ሻጭ የሚገናኙበት ቦታ ካልተመቸ፣ መልካም ዕቃ ያለው ነጋዴ እንኳ ሱቁን ከፍቶ አላፊ አግዳሚውን ሲመለከት ይውላል። ስለዚህ በየአገሩ ያሉ ነጋዴዎች ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ቦታ ለማግኘት ከጥንት ጀምሮ ሲደክሙ ኖረዋል። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በአሜሪካ የተጀመረው፣ ዛሬ በብዙ አገር «ሞል» እየተባለ የሚጠራው ታላቅ የገበያ አዳራሽም የዚሁ ድካም ፍሬ ነው። ይህ ዓይነት ገበያ ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ከገነነ በኋላ፣ በተወለደበት አገር ከአዳራሾቹ ብዙዎቹ ተዘግተዋል፣ ፈርሰዋልም። ነገር ግን ሕዝቡ ለእርሱ ያለው ፍቅር ጨርሶ አልጠፋም። እንዴት እንደ ተነሣ፣ ስለምን እንደ ደከመና ተወዳጅነቱ ስለምን እንዳልጠፋ መመርመር፣ ሱቅ ለሚከራየውም ሆነ ሕንፃ ለሚያሠራው ነጋዴ ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጡ

ይህን ገበያ በማቀድ ስሙ የታወቀው ቪክቶር ግሩን የተባለ የሕንፃ ንድፍ ዐዋቂ ነው። ግሩን በ1903 በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና ተወለደ። በ1938 ናዚዎች አገሩን በያዙ ጊዜ፣ አይሁዳዊ ስለ ነበረ ሸሽቶ ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በዚያም ሕዝቡ ከከተማ መካከል እየወጣ በዳርቻ ሰፈሮች ሲኖርና ለማናቸውም ጉዳይ በመኪና ሲመላለስ ተመለከተ። ስለዚህ በትውልድ ከተማው እንደሚያውቀው ያለ፣ ሰው በእግሩ የሚዘዋወርበት፣ የሚያርፍበትና የሚጨዋወትበት አደባባይ ለዳርቻ ነዋሪዎች እንዲሠራላቸው አሰበ።

በዚህ ሐሳብ መሠረት በ1954 በሚሺጋን ግዛት በዲትሮይት አጠገብ ኖርዝላንድ የተባለውን ገበያ ሃድሰን ለተባለው የመደብር ኩባንያ ሠራ። ቀጥሎም በጥቅምት ወር 1956 በሚኒሶታ ግዛት፣ በሚኒያፖሊስ ዳርቻ በምትገኘው በኢዳይና፣ ዴይተን የተባለው ኩባንያ ያሠራው ሳውዝዴል ተከፈተ። ሳውዝዴል ዙሪያው በሙሉ ተዘግቶ፣ አየሩ በመሣሪያ እየሞቀና እየቀዘቀዘ የሚጠበቅ የመጀመሪያው ታላቅ የገበያ አዳራሽ መሆኑ ይነገራል። 72 ሱቆችና ከ5,000 በላይ ለሚሆኑ መኪናዎች ማቆሚያ ነበሩት። በውጭ ውርጭና በረዶ ሲበረታ፣ በውስጥ ሙቀቱ ዓመቱን ሙሉ ወደ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር፤ በመካከሉም ዛፍና አበባ ያለው ሰፊ አደባባይ ተሠርቶለታል። ከሁሉ ይልቅ ነጋዴዎችን ያስገረመው፣ ዴይተንና ዶናልድሰን የሚባሉት ተወዳዳሪ መደብሮች ባንድ ጣሪያ ሥር መግባታቸው ነበር። ባላንጣዎች ጎን ለጎን ሲሆኑ ገዢው ይበዛል የሚለው ሐሳብ እውነት መሆኑ በሥራ ታየ።

አሠራሩ

የገበያ አዳራሽ ነጋዴው ሁሉ የየራሱን ሱቅ የሚሠራበት ቦታ አይደለም። ምድሩና ሕንፃው ብዙ ጊዜ የአንድ ባለቤት ወይም የአንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ሱቆቹ የሚያዙት በኪራይ ነው። ተከራዮቹ ግን እኩል አይደሉም። በአዳራሹ ጫፍና ጫፍ ልብስ፣ ጫማ፣ ሽቶና የቤት ዕቃ በየክፍሉ የሚሸጡ፣ ስማቸው የታወቀ ትልልቅ መደብሮች ይቆማሉ። እነዚህን አውራ መደብሮች ብሎ መጥራት ይቻላል፤ ንብ አውራዋን ተከትላ እንደምትሰፍር፣ ገዢውም እነርሱን ብሎ ይመጣልና።

አውራው መደብር ሕዝብ ስለሚስብ የሚጠየቀው ኪራይ ዝቅተኛ ነው፤ አንዳንዱም የቆመበትን ሕንፃ ራሱ ይዞታው ያደርገዋል። የአዳራሹ ባለቤት ዋና ገቢውን የሚያገኘው፣ በአውራዎቹ መካከል ባለው መተላለፊያ ግራና ቀኝ ከተደረደሩት ትንንሽ ሱቆች ነው። እነዚህ ለያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከፍ ያለ ኪራይ ይከፍላሉ። ሽያጫቸው በውል ከተወሰነው መጠን ሲያልፍም ከትርፉ ሽያጭ በመቶኛ ተቆርጦ ይጨመርባቸዋል። ከዚህም ሌላ የመብራቱን፣ የጽዳቱን፣ የጥበቃውንና የመኪና ማቆሚያውን ወጪ በየድርሻቸው ያዋጣሉ። እንግዲህ ትንሹ ነጋዴ የሚከራየው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ አይደለም፤ አውራው መደብር የሚያመጣውን ሕዝብ ጭምር ይከራያል። ሕዝቡ እስካለ ድረስ ውሉ ለሁሉም የሚበጅ ነው። ሕዝቡ የቀረ ዕለት ግን ነጋዴው በእጁ የሚቀረው ግድግዳው ብቻ ነው።

የመድከሙ ምክንያት

የገበያ አዳራሾችን ያደከማቸው በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚካሄደው ንግድ ብቻ ነው የሚል አስተያየት ብዙ ጊዜ ይሰማል። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን ድካሙ የጀመረው ከዚያ አስቀድሞ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ከመጠን በላይ መሠራታቸው ነው። በ1954 የወጣው የአሜሪካ የግብር ሕግ፣ አዲስ ሕንፃ የሚያሠራ ሰው የሕንፃውን የእርጅና ሒሳብ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከፍ አድርጎ ከገቢው እንዲቀንስ ፈቀደለት። ከዚህም የተነሣ ገበያ ማሠራት ገበያው ከሚያስገኘው ትርፍ ሌላ ግብር የሚያቀልል ሥራ ሆነ፤ ገንዘብ ያላቸው ሰዎችም የገዢውን ቍጥር በሚገባ ሳይመዝኑ ያሠሩ ጀመር። በ1956 የታወጀው የአውራ ጎዳናዎች ሕግ ደግሞ ወደ ዳርቻው የሚያደርሰውን መንገድ አሰፋው። በመጨረሻም ያው አንድ ገዢ ለሁለትና ለሦስት አዳራሾች የሚከፋፈል ሆነ። በኦሃዮ ግዛት በክሊቭላንድ አጠገብ በ1976 የተከፈተው ራንዳል ፓርክ፣ በዘመኑ በትልቅነቱ ከዓለም አንደኛ ነው ይባልለት ነበር። ነገር ግን በ2009 ተዘጋ፣ በኋላም ፈረሰ። ዛሬ በቦታው የቆመው አማዞን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሸጠውን ዕቃ የሚያከፋፍልበት መጋዘን ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አዳራሾቹን የመሠረቱት ነጋዴዎች ራሳቸው ወደ ሌላ መንገድ መሄዳቸው ነው። ሳውዝዴልን ያሠራው የዴይተን ኩባንያ በ1962 ታርጌት የተባለውን፣ ዕቃ በቅናሽ የሚሸጥ መደብር ከፈተ። ይህ መደብር በአብዛኛው የሚሠራው በገበያ አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው ቆሞ፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይዞ ነው። ዴይተን በ1969 የኖርዝላንድን ባለቤት ሃድሰንን ተቀላቀለ። ከሁለቱ የተገኘው ኩባንያም በ2000 ስሙን ታርጌት ብሎ ለወጠ፤ በ2004 ደግሞ የቀሩትን የቀድሞ መደብሮቹን ሸጠ። ስለዚህ ሁለቱን ታላላቅ አዳራሾች ያስገነቡት ኩባንያዎች፣ ልጁ ከአባቱ እንደ በለጠ አይተው የአባቱን ቤት ለቀቁ ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የአውራ መደብሮቹ መውደቅ ነው። ከእነርሱ ዋና የነበረው ሲርስ ከመቶ ዓመት በፊት የገነነው፣ የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍ ወደየቤቱ እየላከ በፖስታ በመሸጥ ነበር። ያን ትልቅ መጽሐፍ ማሳተሙን በ1993 አቆመ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1994 አማዞን ተቋቋመ። ዕቃ ወደ ገዢው ቤት መላክን ከማንም በላይ ያውቅ የነበረው ድርጅት ሙያውን በተወ ጊዜ፣ ሌላው ያንኑ ሙያ በአዲስ መሣሪያ ጀመረው። ሲርስ በ2018 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጄ. ሲ. ፔኒ የተባለውም መደብር፣ ኮሮና በተባለው ወረርሽኝ ምክንያት ሱቆች ተዘግተው በሰነበቱበት በ2020 ያው ዕድል ደረሰው።

የወደቀበት አካሄድ

አውራ መደብር ሲዘጋ የሚደርሰውን ጉዳት በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። እኩል ስፋት ያላቸው 100 ሱቆች ያሉበት አዳራሽ የጋራ ወጪው በዓመት 1,000,000 ብር ነው እንበል። ለያንዳንዱ ሱቅ የሚደርሰው 10,000 ብር ይሆናል። አውራው ተዘግቶ ገዢው በመቅረቱ 40 ሱቆች ቢለቁ፣ መብራቱና ጥበቃው በዚያው መጠን ስለማይቀንስ፣ ወጪው ለቀሩት የሚከፋፈል በሆነ ጊዜ እያንዳንዱ ወደ 16,700 ብር ሊጠየቅ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ ወጪውን ራሱ ልቻል ቢል ደግሞ ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ ያጥረዋል፤ አዳራሹ ይጨልማል፣ ይቆሽሻል፣ ገዢውም ይብስ ይርቃል።

ከዚህም ሌላ ብዙ ቅርንጫፍ ያላቸው ድርጅቶች በውላቸው ላይ፣ አውራው መደብር ከተዘጋ ኪራያቸው እንዲቀነስ ወይም ውሉን አፍርሰው እንዲወጡ የሚፈቅድ አንቀጽ ያስገባሉ። ስለዚህ አንድ አውራ ሲወድቅ ብዙዎች በሕግ መብታቸው ተጠቅመው ይከተሉታል። አንድ ሱቅ ብቻ ያለው ነጋዴ ግን ያን አንቀጽ ለማስገባት አቅም ስለሚያንሰው፣ በባዶ አዳራሽ ውስጥ የሙሉ አዳራሽ ኪራይ ሲከፍል ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ጉዳት የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

ያልጠፋው ተወዳጅነት

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ ሰው የገበያ አዳራሽን አልጠላም። በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ሽማግሌዎች ሱቆቹ ከመከፈታቸው በፊት ጧት ጧት በአዳራሹ ውስጥ በእግር ይዘዋወራሉ፤ በረዶ አያሰናክላቸውም፣ መኪና አያሰጋቸውም። የአገሪቱ የጤና ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይህን ልማድ የሚያበረታታ መመሪያ በ2015 እስከ ማውጣት ደርሷል። ወጣቶችም እርስ በርሳቸው የሚገናኙበትን ቦታ ሲሹ ወደዚያው ይሄዳሉ። እነዚህ ሰዎች ዕቃ በቤታቸው ሆነው ሊያዝዙ ይችላሉ፤ የሰው ፊት ግን በፖስታ አይላክም።

ይህን የተረዱ ባለቤቶች አዳራሻቸውን አድነዋል። ከሳውዝዴል ብዙ ሳይርቅ በብሉሚንግተን በ1992 የተከፈተው ሞል ኦፍ አሜሪካ፣ በመካከሉ የልጆችና የአዋቂዎች መጫወቻ ስፍራ ስላደረገ፣ ከሩቅ አገር ሳይቀር ጎብኚ የሚመጣበት ሆኗል። ሳውዝዴልም ራሱ አልተዘጋም። የጄ. ሲ. ፔኒ መደብር በለቀቀው ቦታ በ2019 የስፖርት ማዘውተሪያ ተከፈተ፤ መኪና ይቆምበት ከነበረው ሜዳም በከፊሉ መኖሪያ ቤቶች ተሠሩበት። ግሩን መጀመሪያ ባወጣው ዕቅድ ገበያው በመኖሪያ ቤቶች፣ በትምህርት ቤትና በመናፈሻ እንዲከበብ አስቦ ነበር። ሐሳቡ ተትቶ በዙሪያው መኪና ማቆሚያ ብቻ ስለ ቀረ፣ በ1980 ከመሞቱ አስቀድሞ ፈለጉን ተከትለው የተሠሩትን አዳራሾች የእኔ አይደሉም ብሎ ክዷቸዋል። የተወው ዕቅድ በከፊል የተፈጸመው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ነው።

በዚያው በሚኒያፖሊስ ከተማ ደግሞ ካርሜል የሚባል፣ ከሶማሌ አገር ተሰደው የሄዱ ነጋዴዎች የሚሠሩበት የገበያ አዳራሽ አለ። አውራ መደብር የለውም። ልብስ፣ ምንጣፍ፣ ምግብና ሻይ የሚሸጡ እጅግ ብዙ ትንንሽ ሱቆች ተጠጋግተው ይሠራሉ፤ መስጊድም በውስጡ ስላለ ሰው ለጸሎት መጥቶ ይገዛል፣ ለመግዛት መጥቶ ዘመዱን ያገኛል። ያለ አውራም ሕዝብ ማሰባሰብ እንደሚቻል ይህ ገበያ ያሳያል።

ለነጋዴ የሚሆነው ትምህርት

የኢትዮጵያ ነጋዴ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። በመርካቶ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ በርበሬ ተራ እየተባለ አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴዎች ባንድ ስፍራ ይሰለፋሉ። ገዢው ካንዱ ያጣውን ከጎረቤቱ ስለሚያገኝ ደጋግሞ ወደ ተራው ይመጣል፤ አንድ ነጋዴ ቢለቅም ሌላው ይተካዋል እንጂ ገበያው አይበተንም። ይሁን እንጂ ለመኪና ማቆሚያ፣ ለንጽሕናና ለዝናብ መጠለያ የሚሆነው የጋራ ዝግጅት ያንሰዋል። በአዲስ አበባ ሞል የሚል ስም የያዙት ሕንፃዎች ደግሞ ይህን ጉድለት ለማሟላት ሲሠሩ፣ የአሜሪካውን አዳራሽ ድካም አብረው እንዳይወርሱ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሕንፃ ሱቅ የሚከራይ ነጋዴ ውል ከመፈረሙ በፊት አራት ነገር መመርመር ይገባዋል። አንደኛ፣ ሕዝቡን ወደ ሕንፃው የሚያመጣው ማን ወይም ምን እንደ ሆነ፤ ሁለተኛ፣ ያ ሕዝብ የሚያመጣው ቢለቅ ኪራዩ እንዲቀነስ በውሉ ላይ የተጻፈ ቃል መኖሩን፤ ሦስተኛ፣ የጋራ ወጪው ለማን እንደሚከፋፈል፣ ሱቆች ባዶ ሲሆኑ የእነርሱን ድርሻ ማን እንደሚሸከም፤ አራተኛ፣ ሰው ምንም ሳይገዛ እንኳ ወደዚያ የሚሄድበት ምክንያት መኖሩን መመርመር ነው። በሕንፃው የሚቀመጥበት ወንበር፣ ልጁን የሚያጫውትበት ስፍራ፣ ከወዳጁ ጋር ቡና የሚጠጣበት ጥግ ያገኘ ሰው ዛሬ ባይገዛ ነገ ይገዛል። ይህ የሌለው ሕንፃ ግን ጣሪያው ቢያምርና መስተዋቱ ቢያብረቀርቅ፣ ዕቃው ወደ ቤት መላክ በጀመረ ዕለት ገዢው ወደዚያ የሚመጣበት ጉዳይ ያልቃል።