ስለ ተማሪ ቤት በርና ስለሚያስቸግር ጓጉንቸር

የተማሪ ቤት በር ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው መጽሐፉን፥ ወንበሩንና ሰሌዳውን ከሌባ መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው በውስጥ ያሉት ሕፃናት በሚያስፈልግ ጊዜ ሁሉ ያለ ችግር እንዲወጡ ማድረግ ነው። ብዙ ሰው የፊተኛውን ያስባል፥ የኋለኛውን ግን ይረሳል። ስለዚህ መክፈቻው አልዞር ባለ ጊዜ በጉልበት አዙሮ ማለፍ ልማድ ሆኗል። ነገር ግን ዛሬ በጭንቅ የተከፈተ በር ነገ ጨርሶ ላይከፈት ይችላልና፥ ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ አስቀድሞ ማበጀት ይገባል።

ንግግራችን ግልጥ እንዲሆን፥ በበሩ ላይ የተመታውን ብረት ጓጉንቸር፥ በእጅ የሚያዘውን መክፈቻ፥ ከጓጉንቸሩ ወጥቶ በመቃኑ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን ደግሞ ምላስ እንለዋለን።

፩ኛ፤ በር ባለመከፈቱ የሚመጣ ጥፋት

በእንግሊዝ አገር በሰንደርላንድ ከተማ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1883 ዓ.ም.፥ ብዙ ሕፃናት ጨዋታ ሊያዩ ቪክቶሪያ ሆል በሚባል አዳራሽ ተሰብስበው ነበር። በመጨረሻ ስጦታ እንደሚታደል በተነገረ ጊዜ፥ በላይኛው ክፍል የነበሩት ልጆች እየተሽቀዳደሙ በደረጃው ወረዱ። በደረጃው ግርጌ ያለው በር ግን ወደ ውስጥ የሚከፈት ነበር፤ ደግሞም አንድ ልጅ ብቻ በሚያሳልፍ መጠን ገርበብ ብሎ በመቀርቀሪያ ተይዞ ነበር። የፊተኞቹ ሲወድቁ የኋለኞቹ በላያቸው ተነባበሩ፤ 183 ሕፃናትም ሞቱ። እሳት አልተነሣም፥ ቤቱም አልፈረሰም፤ ጥፋቱን ያመጣው የበሩ አያያዝ ነው። ከዚህም በኋላ፥ በ1892 ዓ.ም.፥ ሮበርት አሌክሳንደር ብሪግስ የተባለ እንግሊዛዊ ከውስጥ ሲገፉት ወዲያው የሚከፈት መቀርቀሪያ ፈልስፎ በስሙ አስመዘገበ።

፪ኛ፤ ጉድለቱ ከወዴት እንደ ሆነ ስለ ማወቅ

ከሁሉ አስቀድሞ በሩን ክፍት አድርጎ መክፈቻውን ማዞር ነው። በሩ ክፍት ሳለ ምላሱ በቀላሉ የሚወጣና የሚገባ ከሆነ፥ ጓጉንቸሩ ደኅና ነው፤ ጉድለቱ በሣንቃው፥ በማጠፊያው ወይም በመቃኑ ነው። በሩ ክፍት ሳለም የሚያስቸግር ከሆነ ግን ጉድለቱ በጓጉንቸሩ ወይም በመክፈቻው ነው። ይህን ሳይመረምሩ አዲስ ጓጉንቸር መግዛት ገንዘብን በከንቱ ማጥፋት ነው።

፫ኛ፤ ጉድለቱ በበሩ የሆነ እንደ ሆነ

ሣንቃውን በእጅ ጥቂት ከፍ ሲያደርጉት መክፈቻው የሚዞር ከሆነ፥ ማጠፊያው ላልቶ በሩ ዘንበል ብሏል። ብሎኖቹን ማጥበቅ ይገባል፤ ቀዳዳው ሰፍቶ አልጠብቅ ቢል፥ ስንጥር እንጨት ከትቶ እንደገና ማሰር ነው። በክረምት ደግሞ እንጨት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ የሚፈገፈገው ስፍራ በጥቂቱ ይላጋል። ብዙ ግን አይላጉ፤ በበጋ ሲደርቅ ክፍተት ይተዋልና።

ምላሱ የሚገጨውን ስፍራ ለማወቅ ጫፉን ጠመኔ ቀብቶ በሩን መዝጋትና መክፈቻውን ማዞር ነው። በመቃኑ ብረት ላይ የሚታተመው ነጭ ምልክት በየት በኩል መሞረድ እንደሚገባ ያሳያል።

፬ኛ፤ ጉድለቱ በጓጉንቸሩ የሆነ እንደ ሆነ

ዛሬ በብዙ በር የሚገኘው ጥርሱ ጠፍጣፋ የሆነ መክፈቻ ያለው ጓጉንቸር፥ ሊነስ ዬል የተባለ አሜሪካዊ በ1861 እና በ1865 ዓ.ም. ያስመዘገበው ዓይነት ነው። የአሠራሩ መሠረት በጥንት ጊዜ በግብፅ በእንጨት ይሠራ የነበረው ነው። በውስጡ ትናንሽ ዘንጎች ተሰልፈው በሱስታ ተጭነው ይቀመጣሉ፤ ትክክለኛው መክፈቻ ሲገባ እያንዳንዱን ዘንግ በልኩ ያነሣዋል፥ ያን ጊዜ መካከለኛው ብረት ይዞራል። ከዘንጎቹ አንዱ እንኳ በአቧራ ወይም በዝገት ቢያዝ አይዞርም።

ስለዚህ አስቀድሞ መክፈቻውን መመርመር ነው። ከቅጂ የተቀዳ ወይም ጥርሱ ያለቀ ከሆነ፥ የመጀመሪያውን መክፈቻ አምጥቶ መሞከር ይገባል። ቀጥሎ በቀዳዳው ያለውን አቧራ እፍ ብሎ ማውጣት፤ ከዚያም የእርሳስን ጥቁር ልብ አድቅቆ በመክፈቻው ጥርስ ላይ እየነሰነሱ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ነው። ይህ ዱቄት ብረትን ያለሰልሳል፥ አቧራም አይስብም። የምግብ ዘይት ግን መጨመር አይገባም፤ ለጊዜው ቢያለሰልስም ውሎ አድሮ ይረጋል፥ አቧራም ይዞ ጭቃ ይሆናል። አልዞር ያለውንም መክፈቻ በፒንሳ ይዞ መጠምዘዝ ክልክል ነው፤ በውስጥ ተሰብሮ ቢቀር ሌላ መክፈቻ አይገባምና።

፭ኛ፤ ጓጉንቸሩን ስለ መለወጥ

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ መለወጥ ነው። አሮጌውን ፈትቶ ወደ ሱቅ መውሰድ ከሁሉ ይበልጣል። ይህ ባይቻል አራት ልክ መያዝ ያስፈልጋል፤ ይኸውም የሣንቃው ውፍረት፥ ከሣንቃው ጠርዝ እስከ መክፈቻው ቀዳዳ ያለው ርቀት፥ ከእጀታው እስከ ቀዳዳው ያለው ርቀት፥ የብሎኖቹም አራራቅ ነው። በሩ በቀኝ ወይም በግራ መታጠፉንም መጻፍ ነው። አዲሱ ከተመታ በኋላ፥ በሩ ክፍት ሳለ አሥር ጊዜ ያህል ሳይዞር አይዘጋ። መጀመሪያ ሲዘጋም አንድ ሰው በውስጥ፥ አንድ ሰው በውጭ ሆነው ይሞክሩት።

፮ኛ፤ ለመምህራንና ለሽማግሌዎች ማሳሰቢያ

ሕፃናት በውስጥ ሳሉ በር በመክፈቻ አይቆለፍ፤ ከውስጥም አንድ ሕፃን ያለ መክፈቻ ሊከፍተው የሚችል ይሁን። አዲስ ቤት ሲሠራ በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት ይደረግ፤ በግፊያ ጊዜ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ራሱ ሕዝቡ ይዘጋዋልና። ሁለተኛው መክፈቻ በአቅራቢያ በሚኖር በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ። በክረምት መግቢያና በክረምት መውጫም በሩ ይመርመር። ሌባ የወሰደው መጽሐፍ በገንዘብ ይተካል፤ በተዘጋ በር ኋላ የቀረ ሕፃን ግን አይተካም።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ፤
፩ኛ፤ በሩን ክፍት አድርጎ መክፈቻውን ማዞር ምን ያስታውቃል?
፪ኛ፤ በጓጉንቸር ውስጥ ስለ ምን ዘይት አይጨመርም?
፫ኛ፤ የተማሪ ቤት በር ወደ ውጭ እንዲከፈት የሚያስፈልገው ስለ ምን ነው?